የግራ ዓይኔ ክረምት

ሰኔ 24 ቀን 2011፣ ሰኞ

ሐኪሙ ደም የታየኝን ቀን እየጻፍኩ እንድይዝ አዘዘኝ። ቀን ብቻውን ያለ ማብራሪያ ግን ትርጉም የለውም። ዕድሜ ልኬን ተማሪዎቼን «መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም አሳዩ» ስል ኖሬ እኔ ቁጥር ብቻ ደርድሬ ብተው ያሳፍራል።

አሠራሩ ይህ ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የወር አበባ ከተሰናበተኝ ቆይቷል። በፋሲካ ሰሞን ተመልሶ መጣ። ቤት ተሳስቶ የገባ እንግዳ መስሎኝ ዝም አልኩት። በግንቦትም መጣ። በሰኔም መጣ። ቶሎ ሐኪም ዘንድ ያልሄድኩት የፈተና ወቅት ስለነበረ ነው። (ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ቢሆንም የፈተና ወቅት የፈተና ወቅት ነው።)

ዛሬ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዶክተር ሞሲሳ ይባላል። ገና ሳልቀመጥ ሁለተኛ ደረጃ የት እንደተማረ ጠየቅኩት።

«ነቀምቴ» አለ ግራ ገብቶት።

እፎይ አልኩ። መቱ ውስጥ ከእኔ ፊዚክስ ያልተማረ ሐኪም ማግኘት ቀላል አይደለም።

በማሽን ካየኝ በኋላ እንዲህ አለ፦ «ማዘር፣ ማህፀንዎ ውስጥ ትንሽ ሥጋ መሰል ነገር በቅሏል። ፖሊፕ ይባላል። እናወጣውና ለምርመራ ወደ ጅማ እንልከዋለን። ትንሽ ሥራ ናት፤ በዚያው ቀን ቤትዎ ይገባሉ።»

«ምርመራው ምን ለማወቅ ነው?»

«ክፉ ነገር እንዳይሆን።»

«ካንሰር ማለትዎ ነው?»

«ብዙ ጊዜ አይደለም» አለ።

«ብዙ ጊዜ» መልስ አይደለም። የፈተና ወረቀት ላይ ቢሆን ግማሽ ነጥብ እቀንስለት ነበር።

ቀጠሮ፦ ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ፣ አስታማሚ ይዤ። አልፈራሁም። የማልወደው የሥርዓት ጉድለትን ብቻ ነው፤ እንደሚታየኝ ሥርዓት የጎደለው እዚህ ላይ ማህፀኔ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ። በግራ ያለው በር የዓይን ክፍል ነው፤ በቀኝ ያለው የሴቶች። ተራዬን እየጠበቅኩ ሳለ ከቤተ ክርስቲያናችን እህት ሽብሬ የልጅ ልጇን መነጽር ልታሠራ መጣች። ሽብሬ የሰማችውን ለማሰራጨት ሬዲዮ አያስፈልጋትም።

«ውይ እህት በየነች! ዓይንሽን ነው እንዴ?»

«እንዲያው…» አልኩ።

እኔ ዓይን የሚለውን ቃል አላነሳሁም። ይህ ይመዝገብልኝ።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

የሴቶች ኅብረት ጸሎት ነበረ። ገና ሳልቀመጥ መሪያችን ዲንቄ ተነሥታ «የእህት በየነችን ዓይን በጌታ ፊት እናቀርባለን» አለች። ከዚያ የተለመዱት ርዕሶች ቀጠሉ፦ የዲንቄ ጨጓራ (ሁለት ዓመት ሙሉ የጸለይንለት ጨጓራ ነው፤ እስካሁን ለውጥ የለም)፣ የሽብሬ ኩላሊት፣ የፓስተሩ መኪና።

«የትኛው ዓይን ነው?» ብላ ሽብሬ ጠየቀች። «እጅ ለመጫን እንዲመቸን ነው።»

«ግራ» አልኩ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ስድስት እጅ ግራ ዓይኔ ላይ ተጫነ። የአንዷ እጅ ሽንኩርት ሲከትፍ የዋለ ስለነበረ ዓይኔ በእውነት አለቀሰ። «መንፈስ እየነካት ነው!» አሉ።

ለምን እውነቱን አልተናገርሽም ለሚለኝ፦ በዚህ ከተማ ያ ሥራ ያለው ስም አንድ ነው፤ ጠረጋ። ጠረጋ ሲባል ሰው የሚያስበውም አንድ ነገር ነው፤ ጽንስ ማስወረድ። ባሌ ኩመራ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ሽብሬ በጣቷ ስትቆጥር ታየኝ።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ሽብሬ ልትጠይቀኝ መጣች። ዓይኔ ላይ ያለው «ትል ነው» ብላ ለሰፈሩ አውርታለች። ውሸት ይቻላል፤ የተሳሳተ ውሸት ግን አይቻልም። ሕመሜ የዓይን ሞራ መሆኑን፣ ሞራ ማለትም የዓይን ሌንስ መደብዘዝ እንደሆነ፣ ብርሃን በሌንሱ ውስጥ እንዴት እንደሚሰበር፣ ከዓይን ጀርባ ላይ ምስሉ እንዴት እንደሚያርፍ አስረዳኋት። አልገባት ሲል የካሌንደር ጀርባ ላይ ሥዕል ሠራሁላት። ሥዕሉን ይዛ ሄደች።

አሁን ከተማው በሙሉ የግራ ዓይኔን በሥዕል አውቆታል።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን የኩመራን ጥቁር መነጽር አድርጌ ሄድኩ። መዝሙር ሲዘመር መጽሐፉን እንዳልዘረጋ ተገደድኩ፤ ቃሉ ግን በቃሌ ነው። በመንገድ ላይ ሰላም የሚሉኝን በርቀት እንዳላወቅኩ አለፍኩ። ሦስት ሰው ተቀይሟል። አንዱን ከድሮም አልወደውም ነበር፤ ይህ ትንሽ ጥቅም ነው።

ስመለስ ገለኔ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ገለኔ የኩመራ ታናሽ እህት ናት፤ ከጓሮዬ ባለው ቤት ትኖራለች። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ያልተነታረክንበት ነገር ቢኖር የአየሩ ሁኔታ ነው። እሱም ክረምት ሲገባ ይጀመራል።

«ሃዳ ጉቱ» አለች፤ የጉቱ እናት ማለቷ ነው። «በዚያ መነጽር ድርድር ላይ የተቀመጠ ደላላ መስለሻል።»

«ታምሜ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። ዓይኔን ሳይሆን ሆዴን እያየች። ጨዋነት የላትም።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

አልሄድኩም። ዝናብ። ባጃጅ አልነበረም።

(ነበረ።)

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ደም፦ ጥቂት።

ገለኔ በጣም ሰንፋለች። ድሮ ሁለት ጄሪካን ውኃ ከቧንቧው አንጠልጥላ እየዘፈነች የምትመጣ ሴት፣ ዘንድሮ በግማሽ ጆግ እየተመላለሰች ትቀዳለች። ስትቀመጥም በአንድ ጎኗ ነው፤ ጎርባጣ ወንበር ላይ እንዳለች። ነገርኳት። «እርጅና ነው» አለች። ከእኔ በአምስት ዓመት ታንሳለች!

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጎሬ ሄጄ መጣሁ። ምክንያቱ ሞዴስ ነው።

ባለፈው ከሙነወር ሱቅ ልገዛ ገብቼ ነበር። ሙነወር ጨዋ ነጋዴ ነው፤ ሳልጠይቀው በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ጋዜጣውን በጥቁር ፌስታል ከትቶ፣ «ለእህት ልጅ ነው፣ እትዬ?» አለኝ። አዎ አልኩት። በሳምንቱ ደግሜ ስሄድ «የእህት ልጅ አልሄደችም እንዴ?» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት የእህቴን ልጅ እንዳስተዋውቀው ጠየቀኝ። ለወንድሙ ሚስት እየፈለገ ኖሯል። እህት የለኝም።

ስለዚህ ጎሬ። ሰው የማያውቀኝ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባንኮኒው ጋ ዲንቄ ቆማለች።

«እህት በየነች!»

«እህት ዲንቄ!»

«ለጨጓራ መድኃኒት ነው» አለች ቶሎ ብላ። «ጎሬ ያለው ይሻለኛል።»

«እኔም የዓይን ጠብታ ነው። ጎሬ ያለው ይሻለኛል።»

ሁለታችንም ጥቁር ፌስታል ይዘናል። የጨጓራ መድኃኒት እንዲህ ትልቅ ፌስታል እንደማይሞላ ልብ ብያለሁ። እስከ መቱ በሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ መንገዱ ጉድጓድ ብቻ አወራን።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። ይህ ይመዝገብ። እስከ ቀኝ በኩል በር ድረስ ደረስኩ፤ ገባሁም።

ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ጥያቄ ማቅረብ መብቴ ነው። ነርሷን መሣሪያዎቹ በምን እንደሚጸዱ ጠየቅኳት፤ በእንፋሎት አለች። በስንት ዲግሪ? ነገረችኝ። ግፊቱስ? እሱንም ነገረችኝ። መልሷ ሁሉ ትክክል ስለነበረ ቅር አለኝ፤ አንዱ ቢሳሳት ኖሮ መመለሻ ምክንያት አገኝ ነበር።

«ክፍሉ ውስጥ ማን ማን ይኖራል?»

«ዶክተሩና እኔ ብቻ ነን፣ ቲቸር።»

ቲቸር!

«አንቺ ደግሞ የት ነው የተማርሽው?»

«እርስዎ ጋ ነዋ! ኢብሴ ነኝ፤ አሥረኛ ቢ። ሦስተኛ ረድፍ ላይ። በኒውተን ሕግ አንበርክከውኛል እኮ።»

ያንበረከክኳት ልጅ እግሬን ይዛ ስታስተኛኝ አሰብኩት። ማብሰያው ላይ ሽሮ ጥጄ መርሳቴን ነግሬያት ወጣሁ።

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

ደም። ብዙ።

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። አንሶላው ተበላሽቶ ጠዋት ከበርሜሉ ሥር ደብቄው ነበር። ከሰዓት ስመለስ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ገለኔ። ማን ጠየቃት? የሰው ዕቃ መነካካት ልማዷ ነው። እንደዚያም ሆኖ እድፉ አንድም አልቀረ። በዚህ ዝናብ እንዴት እንዳደረቀችው አላውቅም። ያናድዳል።

ማታ ከደጄ ላይ አንድ ሳህን የጉበት ጥብስ ተከድኖ አገኘሁ። ጉበት ደም ይተካል ይባላል። ገለኔ ይህን ከየት አወቀች? ለዓይን ሞራ ጉበት የሚሰጥ የት አለ?

ጸሎት አልሄድኩም። ያለ እኔም ለዓይኔ ይጸለይለታል።

ሐምሌ 27፣ ቅዳሜ

ዛሬ መሳቢያዎቼን አስተካከልኩ። የቤቱን ካርታ፣ የጡረታ ደብተሬን፣ የኩመራን ፎቶዎች በየፖስታቸው ከትቼ በላያቸው ላይ ምን እንደሆኑ ጻፍኩ። ጉቱ አዳማ ነው ያለው፤ ሰው ድንገት ቢመጣ የሚፈልገውን እንዳያጣ ነው። ሥርዓት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ጉቱ ጋ ደወልኩ። ስለ ዝናብ አወራን። «ደህና ነሽ እማዬ?» አለ። ዓይኔን ትንሽ አሞኛል አልኩት። ለገዛ ልጄ! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግራ ዓይኔን በመስታወት አየሁት። ጤነኛ ነው። እሱም ታዘበኝ።

ከሰዓት ገለኔ መጥታ ደጃፍ ላይ ቆመች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

«ሃዳ ጉቱ፣ ይኼ የዓይን ሕክምና ልብስ ያስወልቃል?»

«ዓይን ለማከም ልብስ ለምን ይወለቃል?»

«ዝም ብዬ ነው። ሐኪሙ ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው።»

«ማሎ!» አለች፤ ኧረ በሞትኩት እንደማለት ነው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ «ግን… ሴት ነርስ አብራ ትገባለች?»

«ለዓይን?»

«ለዓይን።»

«ትገባለች።»

«ያማል?»

«እኔ እንዴት አውቃለሁ! ገና አልታከምኩም እኮ!»

እየቀለደችብኝ ነው። ፊቷ ግን የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም። ይህንን የጻፍኩት ልዩነቱ ስላልገባኝ ነው።

ነሐሴ 2፣ ሐሙስ

ነገር ተበላሸ። የኅብረቱ ሴቶች ማክሰኞ ለአዲሱ ቀጠሮዬ አጅበውኝ ሆስፒታል ሊሄዱ ወሰኑ። ታማሚ ብቻውን አይሄድም ነው ነገሩ። ኩመራን ሳስታምም ቤቴ ሙሉ ሰው ነበር፤ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን አራት ሴት የዓይን ክፍል በር ላይ ተቀምጠው መዝሙር ሲያወጡ ይታየኛል።

ዲንቄ ብቻ ማክሰኞ አልችልም አለች። ለጨጓራዋ ቀጠሮ አላት።

ነሐሴ 6፣ ሰኞ

ነገ ነው። ሦስተኛ ጊዜ መቅረት አይቻልም፤ ተማሪ ሦስት ጊዜ ከቀረ ወላጅ ነው የሚጠራው፣ የእኔ ወላጆች ደግሞ አልፈዋል።

ማስረጃዎቹን በሰከነ አእምሮ መረመርኩ። ሥራው አጭር ነው። መሣሪያው ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ነቀምቴ ነው የተማረው። ታዲያ ለምን ሻይ ስቀዳ ከስኒው ውጪ ቀዳሁ? የእናቴ ታናሽ እህት ያዮ ከተማ በእንዲህ ዓይነት ሕመም ነው የሞተችው፤ ስሙ አልተነገረንም፤ «በሴት ሕመም» ተባለ፤ አለቀ። ልጅ ሆኜ የሴት ሕመም ምን እንደሆነ ብጠይቅ በጥፊ ተመታሁ። ከዚያ በኋላ ሰው የማይመታበትን ትምህርት መረጥኩ መሰለኝ።

ይህንን ስጽፍ ገለኔ አንኳኳች። «ነገ አስታማሚሽ እኔ ነኝ» አለች።

«ማንም አያስፈልገኝም።»

«ወረቀት ላይ የሚፈርም ያስፈልጋል ይላሉ።»

«ማን አለ?»

«ጠይቄያለሁ» ብላ ሄደች።

የት ሄዳ ነው የጠየቀችው? ለምን?

ነሐሴ 7፣ ማክሰኞ

ተኝቼ ነው የምጽፈው። በቅደም ተከተል።

ሽብሬና ሦስት እህቶች ጠዋት መጡ። በሁለት ባጃጅ ሄድን። አግዳሚው ላይ በግራ በር ፊት ደርድረው አስቀመጡኝ። ሽብሬ የካሌንደር ጀርባ ላይ የሠራሁትን ሥዕል ይዛ መጥታ ለማናውቃቸው ታካሚዎች ታስረዳለች፤ እንዳስተማርኳት አንድም ሳትሳሳት። ደስ አለኝ ማለት አልችልም፤ ግን ሳልኮራ አልቀረሁም።

ተራዬ በቀኝ በር ደረሰ። በሩ ተከፍቶ ኢብሴ አንገቷን አወጣች። አየችኝ። አየኋት። አራቱም ሴቶች አዩን። መነሣት አልቻልኩም፤ ወንበሩ ላይ የተሰፋሁ መሰለኝ።

ገለኔ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ድንገት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦ «ነይ ተነሽ! ዓይን ከመነካቱ በፊት ግፊት ይለካል!» አለች። ብብቴን ይዛ አነሣችኝና እየጎተተች በቀኝ በር አስገባችኝ።

«ታውቂያለሽ?» አልኳት ከበሩ ኋላ።

«ያ ዋቅ!» አለች፤ አምላኬ ማለቷ ነው። «ሃያ ዓመት ሙሉ ልብስሽን የማየው በገመድ ላይ ነው እኮ።»

ውስጥ ሌላ ትንሽ አግዳሚ አለ። እሱ ላይ፣ የሆስፒታል ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው ዲንቄ ናት።

እሷ ዓይኔን አየች፤ እኔ ፌስታሏን።

«ጨጓራሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ዓይንሽስ?» አለች።

ዲንቄ ናት ቀድማ የፈነዳችው። አፏን በፌስታሉ አፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔም ያዘኝ። ሳቅ የያዘኝ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም። ኢብሴ መጥታ «እባካችሁ፣ ውጪ ይሰማል» አለችን፤ እኔ ክፍል ውስጥ ለእሷ እናገርበት በነበረው ድምፅ።

ስለ ሥራው፦ አልጋው ይቀዘቅዛል። እግር የሚሰቀልበት ብረት በሥርዓት አልተሠራም፤ ለረጅም ሰው የታሰበ ነው። ጣሪያው ላይ የውኃ ጠብታ ምልክት አለ፤ የወለጋን ካርታ ይመስላል። ኢብሴ እጄን ያዘችኝ።

«ቲቸር፣ ያስተማሩንን ይበሉልኝ። የመጀመሪያው የኒውተን ሕግ?»

«ማንኛውም አካል… ከውጭ ኃይል ካልተነካ በስተቀር…»

«አሁን ትነካለች» አለ ዶክተሩ ከታች።

አመመኝ። እንደ ወር አበባ ቁርጠት፣ ትንሽ ከዚያ የበረታ። ሁለተኛውን ሕግ ጨርሼ ሦስተኛው ላይ ስደርስ «አለቀ ማዘር» ተባልኩ። ሦስተኛውን ጨረስኩት፤ ግማሽ ላይ ማቆም አልወድም።

«ሙሉ ነጥብ» አለች ኢብሴ። አለቀስኩ። ከማደንዘዣው ነው።

ልንወጣ ስንል ገለኔ በሩ ላይ አስቆመችኝ። «እንዲህ ሆነሽ ልትወጪ?» ብላ ከኢብሴ የቁስል መሸፈኛ ጎዝ ተቀብላ ዓይኔን በፍጥነት አሰረችው። ወጣን። ሴቶቹ «ተመስገን!» እያሉ ተነሡ። ከዚያ ሽብሬ ሥዕሉን አየች፣ እኔን አየች።

«ግራው አልነበረም እንዴ?»

ገለኔ ቀኙን ነበር ያሰረችው።

«ተራ በተራ ነው!» አለች ገለኔ ዓይኗን ሳታሽ። «ዛሬ ለናሙና ነው!»

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

ጠያቂ በጠያቂ። ወተት፣ እንቁላል፣ ብርቱካን። ሁሉም ዓይናቸው የጠፋ ዘመዶቻቸውን ታሪክ ይነግሩኛል፤ ለማጽናናት። ከሥሬ ትራስ አድርጌ ስለተቀመጥኩ ሽብሬ «ለዓይን ትራስ ምን ያደርጋል?» አለች። ገለኔ ከጓዳ፦ «ነርቩ እስከዚያ ይወርዳል!» ስትል ተሰማች። ሌንስና ነርቭን ስለማምታታቷ ልገሥጻት ነበር። ተውኩት።

ነሐሴ 14፣ ማክሰኞ

ከጅማ ወሬ የለም።

ፈርቻለሁ። እስካሁን አልፈራሁም ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ አንብቤ ታዘብኩ፤ ተማሪ ቢሆን ኮርጇል እለው ነበር።

ገለኔ ማታ ማታ እየመጣች አብራኝ ትቆያለች። አንነታረክም። ደስ አይልም፤ በጣም የታመምኩ ያስመስለኛል። ትናንት ለምኛት ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ትንሽ ተጣላችልኝ።

ነሐሴ 21፣ ማክሰኞ

ክፉ አይደለም።

ዶክተሩ ወረቀቱን አነበበልኝ። እንደገና እንዲያነብ ጠየቅኩት። ስሙ የእኔ መሆኑን፣ ዕድሜው ትክክል መሆኑን በዓይኔ አየሁ (በሁለቱም)። «ተራ ፖሊፕ ነው፤ ተነቅሏል። ደም ተመልሶ ከታየ ግን ሦስት ወር አይጠብቁ፤ በማግሥቱ ይምጡ» አለ።

«ብዙ ጊዜ ነው ወይስ እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ» አለ። ሙሉ ነጥብ።

ገለኔ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። አግዳሚው ባዶ ነው፣ ቆማለች። ስነግራት ከእኔ ይልቅ እሷ አለቀሰች። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ቆይታ፦ «እንዲህ በቀላሉ? የመጣች ሁሉ እንዲህ ትድናለች?» አለች።

«ቶሎ ከመጣች ትድናለች። ዘግይታ መምጣቷም ቤት ከመቀመጥ ይሻላል» አልኳት። ዓይኗን ከቀኝ በሩ አልነቀለችም።

ነሐሴ 23፣ ሐሙስ

በእኛ ኅብረት የተጸለየለት ሰው ከዳነ ቆሞ ይመሰክራል። ዲንቄ «እህት በየነች፣ ጌታ ለዓይንሽ ያደረገውን ንገሪን» አለች፤ ከዚያ እውነቱ ትዝ ብሏት ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

ቆምኩ። «ጌታ ዓይኔን ፈወሰ» ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። አፌ አልታዘዘኝም። ያልተደረገ ሙከራ ውጤት ሰው ፊት ማቅረብ አልችልም።

«እህቶች፣ ዓይኔ ደህና ነው» አልኩ። «ከመጀመሪያውም ደህና ነበር። የታመመው ማህፀኔ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ደም አየሁ፤ አፍሬ ሦስት ወር ተቀመጥኩ። ትንሽ ነገር ነበር፤ አወጡልኝ። ካንሰር ቢሆን ኖሮ ግን በእናንተ ፊት በዓይን ሞራ እሞት ነበር።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ሽብሬ ናት የጀመረችው። «ታዲያ ያ ሁሉ ጸሎት!» አለች ተቆጥታ። «እጃችንን ዓይንሽ ላይ ጭነን የጸለይነው የት ሄደ?»

«ጌታ አድራሻ አይጠፋውም» አለች ዲንቄ። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለችና፦ «የእኔም ጨጓራ… ወደ ታች ወረድ ያለ ነው» አለች።

መጀመሪያ ከኋላ ያሉት ሳቁ። ከዚያ ሁሉም። ሽብሬ ብቻ አልሳቀችም። ትንሽ ቆይታ ስለ ኩላሊቷ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ማንም አልጠየቃትም። ገና ብዙ ሐሙስ አለ።

ነሐሴ 27፣ ሰኞ

ገለኔ አመሻሹ ላይ መጣች። ተቀመጪ አልኳት፤ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች። በግማሽ ጆግ የቀዳችውን ውኃ አስቀመጠች። እኔም አየኋት። ዝም ብዬ አየኋት።

ጄሪካኑ። አቀማመጧ። አግዳሚው። «ልብስ ያስወልቃል?» ያለችው። «ጠይቄያለሁ» ያለችው። ሁሉም እዚህ ደብተር ላይ በገዛ እጄ ተጽፏል፤ ሰንፋለች፣ ጨዋነት የላትም እያልኩ።

«ገለኔ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ለመካድ አልሞከረችም። «ከመጨረሻ ልጄ ጀምሮ። ወደ ታች የሚወርድ ነገር አለ። ዕቃ ሳነሣ ይብሳል። ዘንድሮ መቀመጥም ከለከለኝ።»

የመጨረሻ ልጇ አግብቷል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ ነግረሽኛል?»

ከስድሳ ዓመት በኋላ አንድ ጥያቄ ባዶውን ተውኩ።

«ነገ ማክሰኞ ነው» አልኳት። «አስታማሚሽ እኔ ነኝ። ነርሷ ኢብሴ ናት፤ እጅ ትይዛለች። ሐኪሙ ወንድ ነው፤ ግን ጣሪያውን ነው የምታዪው። የወለጋ ካርታ አለ።»

«ለሰው ምን እንላለን?» አለች። «እኔ እንዳንቺ ቆሜ አልናገርም፤ ብትገድዪኝም።»

አላስገደድኳትም። አሰብኩበት።

«ጥርስ» አልኩ።

«የትኛው?»

«የግራ መንጋጋ። የግራ ነው፤ እንዳትረሺው።»

ነሐሴ 28፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ባጃጅ አለ፤ በር ላይ ቆሟል።

ገለኔ ጉንጯን በሻሽ ጠፍራ አስራ ወጥታለች። በቀኝ በኩል።